ጋሽ ነዚፍ ያጠፉት መስመር

ጋሽ ነዚፍ ከሞቱ በኋላ ሰላምታ ይልኩልኝ ነበር። ቀልዴን አይደለም። አራስ ነበርኩ። አዲስ አበባ አልጋዬ ላይ ሆኜ ጅማ እደውላለሁ፤ ስልካቸውን ሱቃቸው ውስጥ የምትሠራው ሰሚራ ታነሳለች። "ጋሼ የሉም እንዴ?" ስላት፣ "ትንሽ ደክሟቸዋል። ሰላም በይልኝ ብለዋል" ትላለች። እኔም "እግዜር ይማራቸው፣ ልጁን ይዤላቸው እመጣለሁ በያቸው" ብዬ እዘጋለሁ። ለካ ሰውየው ከተቀበሩ ሰንብተዋል። እናቴ ታውቃለች፣ ባሌ ያውቃል፣ የጅማ ሰው በሙሉ ያውቃል። እኔ ብቻ ገንፎዬን እየበላሁ ለሙት ሰላምታ እልካለሁ።

ለአራስ መርዶ አይነገርም፤ ይህን እኔም አውቃለሁ። ቢሆንም ተናድጄ ነበር፤ አሁንም ንዴቱ በደንብ አልወጣልኝም። የሚገርመው ደግሞ፣ በዚሁ መርዶ በመደበቅ ነገር ከጋሽ ነዚፍ ጋር አንድ ጊዜ ክፉኛ ተጣልተናል። ያን ጊዜ እኔ ነኝ ትክክል ብዬ ድርቅ ብዬ ነበር። አሁን እንጃ።

ጋሽ ነዚፍ የመርካቶ ልጅ ናቸው፤ የአዲስ አበባው ሳይሆን የኛው፣ የጅማው። አባታቸው ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ እሳቸው ግን ከልጅነታቸው ሬዲዮ ሲፈቱና ሲገጥሙ አደጉ። ቴፕ ጠገኑ፣ ኋላ የኢንተርኔት ቤት ከፈቱ፣ ከዚያ ደግሞ ፈቃድ አውጥተው የኢንተርኔት መስመር በጅምላ እየገዙ ለሆቴሉ፣ ለክሊኒኩ፣ ለቡና ነጋዴው የሚያከፋፍሉ ትንሽ አቅራቢ ሆኑ። ቢሯችን መንደራ ቆጪ ሠፈር ነበር፣ ከአንድ ዳቦ ቤት በላይ። ጠዋት ጠዋት የዳቦው ሽታ እየመጣ ረሃባችንን ይቀሰቅሰዋል። እኔ ስልክ ተቀባይ ሆኜ ገባሁና ቀስ በቀስ ውል የማነበው፣ ደብዳቤ የምጽፈው፣ ከሰው ጋር የምጨቃጨቀው ሁሉ እኔ ሆንኩ። መጨቃጨቁ እንኳ ተሰጥኦዬ ነው።

ገመድ ከመሰካታቸው በፊት ጫፉን እፍ ይሉበትና "ቢስሚላህ" ይላሉ። ሁልጊዜ። "ጋሽ ነዚፍ፣ ይሄ እኮ ሬዲዮ አይደለም፣ ምን አቧራ አለው?" ስላቸው፣ "ኢንተለ ኮ፣ አቧራ የሌለበት ነገር አሳዪኝ" ይሉኛል። ልጄ ማለታቸው ነው፤ ኦሮምኛና አማርኛውን እንደ ጅማ ሰው ሁሉ አደባልቀው ነው የሚያወሩት። የከበደ ነገር ሲመጣባቸው ደግሞ ኮፊያቸውን በአንድ ጣት ወደ ኋላ ገፋ ያደርጓታል። ኮፊያዋ ወደ ኋላ ከሄደች አበቃ፤ ከዚያ በኋላ ሐሳባቸውን የሚያስለውጥ አልተወለደም።

አንድ ቃል ቢሯችን ውስጥ ክልክል ነበር። በኛ ሥራ መስመር ሲቋረጥ ሁሉም "ሞቷል" ነው የሚለው። እሳቸው ፊት ይህን ያለ ወዮለት! "ሰው ነው የሚሞት። መስመር ይደክመዋል እንጂ አይሞትም፤ ያረፈ ነገር ይነሳል።" አንድ ቀን የአንድ ሆቴል ሥራ አስኪያጅ ደውሎ "እንግዶቼ እያበዱ ነው፣ ኔትወርካችሁ ሞቷል!" ብሎ ጮኸብኝ። እኔም ልማድ ሆኖብኝ "አልሞተም ጌታዬ፣ ትንሽ ደክሞት ነው" አልኩት። ሰውየው እንዳላገጥኩበት ቆጥሮ በአካል መጣ፣ ደረጃውን እየዘለለ። ጋሽ ነዚፍ ሻይ አዘዙለት፣ ትኩስ ዳቦ አስመጡለት፣ ስለ ልጆቹ ጠየቁት። ሲወጣ እሱ ራሱ "በሉ እስኪበረታ እንታገሣለን" ብሎ ሄደ። እንዲህ ያሉ ሰው ነበሩ።

ከዕለታት አንድ ቀን መንግሥት ኢንተርኔት ባልደረሰባቸው የገጠር ቀበሌዎች መስመር የሚዘረጉ ትንንሽ አቅራቢዎችን እደጉማለሁ አለ። ለትምህርት ቤቱ፣ ለጤና ኬላውና ለገበሬዎች ማኅበሩ መስመር ታስገባለህ፤ ከወጪው የሚበዛውን መንግሥት ይሸፍንልሃል። ድጎማው ባይኖር እንደኛ ያለ ትንሽ ቤት የጅማን ዳር አልፎ አይሄድም ነበር። ጋሽ ነዚፍ ወሬውን የሰሙ ቀን እንደ ሙሽራ ነበር የሚያደርጋቸው። ውሉን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። መብረቅ፣ ጎርፍ፣ የመብራት መጥፋት ይቅር ይባላል፤ አቅራቢው በገዛ እጁ መስመሩን ካጠፋ ግን ከድጎማው ይሰረዛል፣ ይላል አንዱ አንቀጽ። ከት ብለው ሳቁ።

"የገዛ መስመሩን በገዛ እጁ የሚያጠፋ ማን እብድ አለ?" አሉ።

የደረሰችን ቀበሌ ዱሬ ነበረች፤ ከአጋሮ ወዲያ፣ በቡናና በዋንዛ ጥላ የተሸፈነች ጎድጓዳ መንደር። ስልክ እንኳ የሚሰማው ጉብታው ላይ ወጥቶ ነው። ጉብታው ላይ ደግሞ ያለው የአዴ ፋጡማ ቤት ነው። አዴ ፋጡማ፣ አዴ በኛ እትዬ እንደ ማለት ነው፣ ባሏ የሞተባት፣ ከልጇ ከጀማል ጋር ቡናዋን የምትለቅምና የምታደርቅ ሴትዮ ነበረች። ምሰሶው ከጓሮዋ ሌላ የሚቆምበት ቦታ አልነበረውም። ጋሽ ነዚፍ ስለ ኪራይ ሊያነሱ ሲሉ አቋረጠቻቸው።

"ይሄ ነገር የሰሚራዬን ፊት ያሳየኛል ወይ?"

"ያሳይሻል፣ ኢንሻአላህ።"

"በቃ፣ ሌላ ምን እፈልጋለሁ? ትከሉት።"

ሰሚራ፣ ያቺው ኋላ ስልኩን የምታነሳልኝ፣ ሴት ልጇ ናት፤ ያን ጊዜ አረብ አገር ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ከሄደች ጀምሮ እናትና ልጅ ፊት ለፊት ተያይተው አያውቁም። ምሰሶውን መንደሩ በደቦ ነው ያቆመው፤ ወንዱ ይጎትታል፣ ሴቱ ይዘፍናል፣ ጋሽ ነዚፍ መሐላቸው ሆነው "ማሎ፣ እባካችሁ ቀስ! ማሎ፣ ቀስ!" ይላሉ። የመጀመሪያው አርብ አዴ ፋጡማ የልጇን ፊት ስታይ ስልኩን ሳመችው። መስታወቱ በእንባና በምራቅ ራሰና ምንም አልታይ አለ፤ ጋሽ ነዚፍ በሸሚዛቸው ጠረጉላት። ከዚያ ወዲያ አርብ አርብ ከጁምዓ በኋላ እናትና ልጅ ያወራሉ፤ ዱሬ ለሥራ ከሄድን እኛም ጣልቃ ገብተን ሰላም እንላታለን። ሰሚራ እንደ ቤተሰብ ሆነችብን።

አዴ ፋጡማ በታኅሣሥ፣ ቡና እየተለቀመ ሳለ ሞተች። የቡና ማድረቂያው አልጋ አጠገብ ቆማ ቡናዋን እያገላበጠች "ደረቴን" አለች፤ በቃ። ቀብሯ እንዳበቃ ጀማል ከአንድ ሽማግሌ ጋር ቢሯችን መጣ፤ ጫማው ላይ የመቃብሩ አፈር አልረገፈም።

"ጋሽ ነዚፍ፣ መስመሩን ያጥፉልን" አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰሚራ አታውቅም። ያለችው ሰው ቤት፣ ቋንቋዋን የሚሰማ አንድ ሰው በሌለበት ነው። እዚያው ከተማ የዱሬ ልጆች አሉ ሲባል ሰምተዋል፤ እነሱ ተፈልገው፣ ተሰብስበው፣ ዕረፍት አስጠይቀውላት፣ መሐላቸው አስቀምጠው እንዲነግሯት ነው የታሰበው። ግን የመንደሩ ወጣት ሁሉ ስልክ ይዟል። አንዱ "አላህ ይዘንላት" ብሎ ፎቶ ቢለጥፍ፣ ልጅቷ ወጥ ቤት ቆማ ብቻዋን ታየዋለች። ጉብታው ላይ የሚሰማው ተራ ስልክ ፎቶ አያስተላልፍም፣ የእናቱን ስልክም ጀማል ዘግቶታል፤ አጋሮ የሚወርደውን ሰው ደግሞ ሽማግሌዎቹ አፉን እንዲይዝ አስምለውታል። የቀረው መስመሩ ነው።

"የወጣቶቹን ይለፍ ቃል እንቀይርና የትምህርት ቤቱ ይቆይ" አልኩ።

"አስተማሪውም የእናቴ የእህት ልጅ ነው" አለ ጀማል። "ጤና ኬላዋም ያለችው ጎረቤታችን ናት። ማንን ከልክለሽ ማንን ትተያለሽ?"

"ውሉ አይፈቅድም! ጋሽ ነዚፍ፣ ያነበብኩልዎት ይረሳል?"

ኮፊያቸው ወደ ኋላ ሄደች። እኔ አፌ አያርፍም፤ ሐዘንተኛው ፊት ቆሜ ቀጠልኩ። ሰው የእናቱን ሞት የማወቅ መብት የለውም ወይ አልኩ። እኔ ብሆን ወዲያው እንዲነገረኝ ነው የምፈልገው፣ ይሄ መደበቅ የሚሉት ጭካኔ ነው አልኩ። ጋሽ ነዚፍ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

"ማወቁን ታውቃለች፣ ኢንተለ ኮ። ማን ያስቀርላታል? ብቻዋን እንዳታውቅ ነው።"

ያኔውኑ ዱሬ ሄዱ። አዴ ፋጡማ ጓሮ ገብተው፣ ለቅሶ ቤቱ ሰው ሞልቶ ሳለ፣ ምሰሶው ሥር ያለውን ሳጥን ከፍተው ገመዱን ነቀሉ። ስትነቅልም ቢስሚላህ ይባላል ወይ ብዬ ኋላ በነገር ወጋኋቸው። "ይባላል" አሉኝ።

አርብ ደረሰ። የቢሮው ስልክ ጮኸ፤ ሰሚራ ናት። ጋሽ ነዚፍ አነሱት፤ እኔም አጠገባቸው ሆኜ እሰማለሁ።

"ጋሼ፣ እቤት ስደውል አልገባ አለኝ። መስመሩ ምን ሆኖ ነው?"

"መብረቅ መታው፣ ልጄ። ደክሞታል። ይነሳል ኢንሻአላህ።"

"እናቴስ? ደህና ናት?"

ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር።

"እናትሽ በአላህ እጅ ናት።"

"አልሐምዱሊላህ" አለች ሰሚራ፤ ደስ ብሏት ነው ያለችው። "ሰላም በሉልኝ" ብላ ዘጋች። ጋሽ ነዚፍ ተነሥተው ወደ መታጠቢያው ሄዱ፤ ውሃው ሲፈስ ይሰማኛል፣ ሲፈስ፣ ሲፈስ። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ እሷ ሙስሊም፤ ቢሆንም ያቺ ልጅ የኔም እህት ሆናብኝ ነበር።

አረብ አገር ያሉት የዱሬ ልጆች ገና ተፈልገው ሳይገኙ ተቆጣጣሪ መጣ። ድጎማውን ከሚሰጠው መሥሪያ ቤት ዱሬ የተተከለች፣ መስመሩ መሥራቱን የምትናገር ትንሽ መለኪያ ነበረች፤ ዝም ስትልባቸው ሰው ላኩ። አንድ ቀጭን፣ ጨዋ ወጣት ነው። ጋሽ ነዚፍ ምንም አልደበቁትም፤ ከአዴ ፋጡማ ሞት ጀምረው ነገሩት። ልጁ ኮምፒውተሩን ዘጋና ወደ መስኮቱ ዞረ።

"እኔ የአባቴን መርዶ የሰማሁት ፈተና ጨርሼ ነው" አለ። "እስከዚያ ደህና ነው ይሉኝ ነበር።" ከዚያ ወደ እኛ ተመለሰ። "ጋሼ፣ እንዲህ እናድርግ። መብረቅ መታው ብዬ ልጻፍ። ማንም አይጠይቅም።"

"አዎ! መብረቅ!" ብዬ ተነሣሁ።

"በታኅሣሥ?" አሉ ጋሽ ነዚፍ።

"በታኅሣሥም ይመታል! ሲፈልግ ይመታል!"

ሳቅ አሉ፣ ትንሽ። ከዚያ ኮፊያዋን በአንድ ጣት ገፋ አደረጓት።

"ለልጅቷ መብረቅ ነው ብያታለሁ" አሉት። "እሱ ለሐዘን ነው፣ አላህ ያውቅልኛል። አሁን ደግሞ ለራሴ ጥቅም ስል ብደግመው፣ የመጀመሪያውም ንግድ ይሆንብኛል። በእጄ ነው ያጠፋሁት፤ እንደሱ ጻፍ።"

ልጁ ለመናቸው። እኔም ለመንኩ። ኋላማ ልመናው ቀረና ጮህኩ። "የእርስዎ ጽድቅ ለዱሬ ተማሪዎች ምን ይፈይዳል? እርስዎ ሊጸድቁ መንደሩ ይጨልም?" አልኳቸው። ተነሥተው ለልጁ ሻይ ቀዱለት። እውነቴን ነው፣ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰሚራ መርዶዋን የሰማችው ከዚያ ወዲህ ነው። የዱሬ ልጆች ተገኙ፤ አርብ ቀን አንዷ ቤት ወስደው፣ መሐላቸው አድርገው ነገሯት፤ አብረዋት አለቀሱ፣ አብረዋት አደሩ። ጋሽ ነዚፍ ያኔውኑ ሄደው መስመሩን ቀጠሉት፣ እፍ ብለው፣ ቢስሚላህ ብለው። ስትደውልላቸው ብዙ አላወራችም። "ጋሼ፣ መብረቁ ለካ የመታው እኔን ነው" ብቻ አለቻቸው። እሳቸውም "አፉ በዪኝ፣ ይቅር በዪኝ" አሏት።

መስመሩ ከተቀጠለ ብዙም ሳይቆይ የስረዛው ደብዳቤ መጣ። ዱሬን ያለ ድጎማ ልንሸከማት አልቻልንም፤ ዘግተናት ተመለስን። የዱሬ ሽማግሌዎች ነጫጭ ልብሳቸውን ለብሰው ድጎማ ሰጪው መሥሪያ ቤት ድረስ ሄደው ተማጸኑ። ሰው ሁሉ አዘነላቸው፣ ሕጉ ግን ሕግ ነው ተባሉ። መስመሩን ያስጠፉት እነሱ፣ የጠፋባቸውም እነሱ። የገደለው ባልሽ፣ የሞተው ወንድምሽ የሚባለው ደረሰባቸውና በማን ይጩኹ? ሌላ አቅራቢ ይመጣል ተብሎ ነበር፤ እኔ እስከማውቀው አልመጣም። ያ ምሰሶ አሁንም አዴ ፋጡማ ጓሮ ቆሟል አሉ፤ ጀማል አይነቀልም ብሏል።

እኛም አልቆየንም። ዱሬን ብለን የገዛነው ዕቃ አንገታችንን አነቀን፤ ከተማ ያሉትን ደንበኞቻችንን ትልልቆቹ ወሰዷቸው። ጋሽ ነዚፍ ቢሮውን ዘግተው መርካቶ ወደ ድሮው ጥገናቸው ተመለሱ። የመጨረሻው ቀን ከግድግዳው ላይ ገመዱን ስንነቃቅል እኔ እያለቀስኩ እሳቸው እያጽናኑኝ ነበር፤ ማን ማንን ማጽናናት እንዳለበት እንኳ ጠፍቶብናል። "ይቆጭዎታል?" አልኳቸው። አሰብ አደረጉ።

"የዱሬ ልጆች ይቆጩኛል። ትምህርት ቤቱ ፊቴ ላይ ይመጣል። ሰሚራ ግን አትቆጨኝም" አሉ። ዓይናቸው ሞልቶ ነበር።

ሰሚራ ከአረብ አገር የተመለሰች ቀን ዱሬ ሄዳ የእናቷን መቃብር አየች፤ በማግስቱ መርካቶ መጥታ የጋሽ ነዚፍ ሱቅ ደፍ ላይ ተቀመጠች። "ሥራ ያስተምሩኝ" አለቻቸው። ስልክ መጠገን ተማረች፤ እንደ ልጃቸው ሆነች። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ሥራ አገኘሁ፣ አገባሁ። በየሳምንቱ እደውላለሁ፤ እሳቸውም "አዲስ አበባ አሁንም መስመር ሞተ ነው የሚሉት?" እያሉ ይስቁብኛል።

የወለድኩ ሰሞን የደወሉት እሳቸው ናቸው። "ወንድ? ማሻአላህ! አላህ ያሳድግልሽ።" ድምፃቸው ቀጭን ነበር። "ምነው ጋሽ ነዚፍ?" ስላቸው፣ "ትንሽ ደክሞኛል፣ ኢንተለ ኮ" አሉ። እኔ ሞኟ ሳቅኩ። "እርስዎም እንደ መስመርዎ ይደክምዎ ጀመር? በሉ ይነሡ!" አልኳቸው። "ቶሌ፣ እሺ" አሉኝ። ከዚያ በኋላ ስልኩን የምታነሳው ሰሚራ ሆነች።

የልጄ ክርስትና አልፎ፣ እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ ማለዳ በራችን ተንኳኳ። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማለች። ከኋላዋ ሰሚራ፣ ከሰሚራ ኋላ ጀማል፣ አንድ የድሮ የቢሮ ባልደረባችን፣ የሠፈሬ ሴቶች። ገና ሳያቸው ገባኝ። ማንም አፉን ሳይከፍት "ጋሽ ነዚፍ!" ብዬ ጮህኩ። ሴቶቹ ሁለት እጄን ያዙኝ፤ ልጄን ከእቅፌ ማን እንደወሰደው አላውቅም። ሰሚራ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ እንደገና እንደ አዲስ ታለቅሳለች፤ ያን ያህል ቀን በስልክ እንባዋን እንዴት እንደዋጠችው እሷ ናት የምታውቀው።

አልቅሼ አልቅሼ ትንሽ ሲወጣልኝ ንዴቴ መጣ። "እኔ ምናችሁ ነኝ?" አልኩ። "ቀብራቸው ላይ እንኳ ሳልቆም! ማን ነው ደብቁ ያላችሁ?"

"እሳቸው ናቸው" አለች ሰሚራ። "ሲደክሙ ጠሩኝ። 'ትርሲት አራስ ናት፣ ክርስትናው ሳያልፍ እንዳትነግሯት' አሉኝ። 'ስትነግሯትም ሰብሰብ ብላችሁ ሂዱ፣ ብቻዋን እንዳትሰማ። ትጮኽባችኋለች፣ እስክትጨርስ ጠብቋት' አሉ።"

ጠበቁኝ። ጮኼ ጨረስኩ። ቤቱ ጸጥ ሲል እጇን ያዝኩና ሌላው ሁሉ ቀርቶ አንዱን ብቻ ጠየቅኳት።

"ሰላምታውንስ ለምን ዋሸሽኝ፣ ሰሚራ? ሙት ሰላም ብሎሻል ይባላል?"

"ወላሂ አልዋሸሁሽም" አለች። "ደክሟቸዋል ያልኩሽ እሱ ውሸት ነው፣ አፉ በዪኝ። ሰላምታው ግን የሳቸው ነው። 'መደወሏ አይቀርም፤ በደወለች ቁጥር ሰላም በይልኝ' ብለው ነው የሞቱት።"